በአሞሌ የደረቁ ጽጌረዳዎች

በዘንድሮው የዘመን መለወጫ ዋዜማ ከቤት የወጣሁት ሽንኩርት ልገዛ ነበር። አበባ ለመግዛትማ ምን ቆርጦኝ! ግን ከሮማናት አደባባይ ወረድ ብሎ፣ ድሮ የአቡጀዴና የከፋይ ጨርቅ ሱቅ በነበረበት ጥግ ላይ፣ አሁን የፕላስቲክ አበባ ተደርድሮ ይሸጣል፤ እዚያ ስደርስ እግሬ ራሱ ቆመ። ሰው ዐደይ አበባን በፕላስቲክ ይሠራል? እሷ እኮ ማንም ሳይዘራት፣ ማንም ሳያጠጣት፣ ለደሃውም ለሀብታሙም እኩል የምትበቅል አበባ ነች። ጭራሽ ጤዛ እንዲመስል ሙጫ ጠብ ጠብ አድርገውባታል። አንስቼ አሸተትኳት፤ የአዲስ ጫማ ሽታ ነው ያላት። ሻጩ ልጅ የምገዛ መስሎት፣ በትግርኛ እናቴ ብሎ ጠርቶኝ፣ «ኣደይ፣ ይሄ አይጠወልግም፤ ሲቆሽሽ በሳሙና ማጠብ ነው» አለኝ። ዕድሜዬን አበባ ሳደርቅ ለኖርኩት ሴት ይሄን ይነግረኛል! አንድ ነገር ተናግሬው ልሄድ አፌን ሳሟሽ፣ ከጎኔ አንዲት ጥቁር የለበሰች ቀጭን ልጅ በፌስታል የተጠቀለለ ነገር አውጥታ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠች።

ማደስ ትችላላችሁ ወይ ብላ ነው የጠየቀችው። ሻጩ በፌስታሉ ላይ አየት አደረገና፣ ይሄን ጥለሽ ከነዚህ አንዱን ውሰጂ፣ ዋጋ እቀንስልሻለሁ አላት። ክፉ ልጅ ሆኖ አይደለም፤ ከየት ያውቀዋል? እኔ ግን በስሱ ፌስታል ውስጥ የሚታየውን የአበባ ክፈፍ ጠርዝ አይቼዋለሁ። ዙሪያውን በሐበሻ ቀሚስ ጥለት የተለበጠ፣ በቀይ ክር የተሰፋ ነው። እንዲህ አድርጎ የሚሰፋ እጅ በዚህ ከተማ አንድ ብቻ ነበር፤ የእኔም አይደለም።

«ጓለይ፣ ልጄ፣ ይሄ የማን ነው?» አልኳት።

«የእናቴ ነው» አለችኝ። «የሠሩት ሁለት ሴቶች መቐለ አሉ ትል ነበር። ብጠይቅ ብጠይቅ የሚያውቃቸው ሰው አጣሁ።»

«አንዷ እኔ አስካለ ነኝ። ሁለተኛዋን አፈር በልቷታል።»

ልጅቱ ሰናይት ትባላለች፤ እናቷ ለተኪዳን ነበረች። ለተኪዳን የሚለውን ስም ስሰማ ሽንኩርቱንም ገበያውንም ትቼ ልጅቱን በክንዷ ይዤ ወደ ቤቴ መለስኩ። እናቷ እንዳረፈች ልብሷ ነግሮኛል፤ እኔም አልጠየቅኩም። ዘንድሮ መቐለ ውስጥ ጥቁር የለበሰን ሰው ማን ሞቶብህ ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ ማን ተረፈልህ ቢባል ይቀላል።

እኔ የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ። መቐለ የመጣሁት በባልትና መምህርነት ተመድቤ ነው፤ ያኔ ከተማዋ ከዳር እስከ ዳር በጋሪ የምታልቅ ነበረች። ጋሪው በሃያ አምስት ሳንቲም ከገበያ እስከ ትምህርት ቤቱ ያደርሰኝ ነበር፤ ፈረሱ ዳገቱ ላይ ሲቆም ባለጋሪው ወርዶ ይለማመጠዋል፣ እኛም ወርደን አብረን እንገፋለን። ጉርድ ቀሚሴ ከጉልበት ከፍ ያለ ስለነበር የጎረቤት ሴቶች ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ይስቁብኝ ነበር። ከሙዚቃ ቤቱ ደጃፍ ላይ አፍሮ ያጎፈሩ ጎረምሶች እንደ ቆሙ ይውላሉ፤ የክራሩ ዘፈን ማታ ፀሐይ ስትጠልቅ ነጩን የድንጋይ ቤት ሁሉ አልፎ እስከ እኔ ክፍል ይመጣል። ቃሉ አይገባኝም፣ ግን እየሰማሁ አለቅስ ነበር፤ አገሬ ናፍቆኝ ይሁን ወይ ወጣትነት፣ እንጃ። በኋላ እዚያው ትምህርት ቤት ጂኦግራፊ የሚያስተምረውን ሐጎስን አገባሁ፤ ነፍሱን ይማረውና ደግ ሰው ነበር። ከሐጎስ ጋር ግን ያገኘሁት ትልቁ ነገር እኅቱ አብረኸት ነች። ይሄን እሱም እያወቀ ሞቷል፣ አይቀየመኝም።

አብረኸት አማርኛዋ ትንሽ፣ የእኔ ትግርኛ ከዚያም ያነሰ ነበር። ትግርኛ በተናገርኩ ቁጥር ሆዷን ይዛ ትስቅና «ሓፍተይ፣ እኅቴ፣ ዝም ብለሽ ሥሪ» ትለኝ ነበር። ስለዚህ ዝም ብለን ሠራን። አዲሱ ቤቴ አንድ አልጋ፣ አንድ ጠረጴዛና ባዶ ግድግዳ ነበረው። በመስከረም ወደ ዓይናለም ወጣን፤ ያኔ ዓይናለም ሜዳ ነው፣ ቢጫ በቢጫ ሆኖ ዓይን ያጠፋል። ዐደይ አበባ፣ የገብስ ዛላ፣ ስንደዶ፣ ከሰዎች አጥር ደግሞ ጽጌረዳ እየለመንን ቤቱን ሞላነው። ሳምንት ሳይሞላው ሁሉም አንገቱን ደፋ። ልጥለው ስሰበስብ አብረኸት እጄን ያዘች። አባቷ ከአፋር በግመል የሚመጣውን አሞሌ ጨው የሚነግዱ ሰው ነበሩ፤ ጨው ሲጫንና ሲራገፍ እያየች ያደገች ልጅ ነች። ጨው ሥጋን ካቆየ አበባን ለምን አያቆይም አለች። እኔ መምህርቷ ሳቅኩባት። ጨው ቅጠል ያቃጥላል ብዬ አስረዳኋት። በማግስቱ አንድ ጣሳ ይዛ መጣች።

አሠራሩን ልንገራችሁ፤ ከእንግዲህ የሚሠራው ስለሌለ ቢያንስ ይነገር። አሞሌው ተወቅጦ ይነፋል፣ ከዚያ በብረት ምጣድ ላይ መንጣጣቱን እስኪያቆም ይታመሳል፤ በውስጡ ያለው እርጥበት እንዲወጣለት ነው። ሲበርድ በወተት ዱቄት ጣሳ ውስጥ ከታች ይነጠፋል። ጽጌረዳው ጤዛው ከለቀቀው በኋላ፣ ገና በቅጡ ሳይከፈት ፈካ ሲል ተቆርጦ በላዩ ይቆማል፤ ጨው በማንኪያ ጫፍ፣ በየቅጠሉ መሐል፣ ልክ ሕፃን እንደማብላት ቀስ እየተባለ ይፈስበታል። ከዚያ ክዳኑ ይገጠማል። ከከረመ በኋላ ሲከፈት፣ አበባው ቀለሙን እንደያዘ፣ ቆሞ፣ ደርቆ ይወጣል። በዶሮ ላባ ጨውን እናራግፍለታለን። ጥቁር ከፋይ በተለበጠ ጥልቅ ክፈፍ ውስጥ ከገብስ ዛላው ጋር ይደረደርና መስታወት ይገጠምበታል። መጀመሪያ የወጣውን ጽጌረዳ ሳይ እንዴት እንደ ደነገጥኩ! የሞተ ነገር እንዲያ ያምራል? አብረኸት ጣሳውን ወደ እኔ ገፋ አደረገችው።

ከዚያማ ስማችን ወጣ። ያኔ የሰው ቤት ማለት ሬዲዮኑ ዳንቴል፣ ቡፌው ዳንቴል፣ ወንበሩ ሁሉ ዳንቴል ነበር፤ ከቡፌው በላይ የእኛ ክፈፍ ካልተሰቀለ ግን ቤቱ አልሞላም ይባል ጀመር። ሙሽሮች በዐሥራ አምስት ብር ያሠሩናል፤ ያኔ ዐሥራ አምስት ብር አንድ ጥንድ ጥሩ ጫማ ነው። ልማድም ወጣለት። አበባው ከሙሽራዋ እናት ግቢ ይቆረጣል፣ ጠርዙ የሚለበጥበት ጥለት ደግሞ ከሙሽራዋ ከራሷ ቀሚስ ይቀደዳል። ሙሽራዋ ሩቅ አገር ስትዳር የእናቷን ደጅ ይዛ ሄደች እንል ነበር። ስንቷን ሸኘናት። አንዳንዷ ክፈፏን እንደ ታቦት በሁለት እጇ ይዛ ነበር መኪና የምትገባው።

ግን ክረምት ገባና ጉድ መጣ። ጨው እርጥበት ይወዳል፤ አበባው ልብ ውስጥ የቀረችው ቅንጣት ጨው የነሐሴን አየር ጠጥታ ማላብ ጀመረች። በየቤቱ ክፈፉ ከውስጥ ውሃ ቋጠረ። አንዲት የሙሽራ እናት እየሮጠች መጥታ አበባው አለቀሰ፣ የልጄ ትዳር ሊፈርስ ነው ብላ ደጃፋችን ላይ ተቀመጠች። ወሬው ከተማውን ሞላው። አብረኸት ክፈፎቹን ሁሉ ሰበሰበች። ዝናቡ ጋብ ባለ ቁጥር ከፍተን እኩለ ቀን ፀሐይ ላይ አሰጣናቸው፣ እንደገና አዲስ ጨው አምሰን ቀበርናቸው፤ ቶሎ የደረስንባቸው ሁሉ ተረፉ። በዚያ ክረምት ጨው በማመስ ትረዳን የነበረች አንዲት የጎረቤት ልጅ ነበረች፤ ገና ያላገባች፣ ሥራ የማትጠላ፣ ጉንጯ በምጣዱ ወላፈን ቀልቶ የሚውል። ለተኪዳን እሷ ነች። ከዚያ በኋላ አብረኸት የመስታወቱን ዙሪያ በሰም መድፈን ጀመረች፣ ሕግም አወጣች። ክፈፉን ስታስረክብ ሙሽራዋን ዓይን ዓይኗን እያየች «አይከፈትም በይ» ትላታለች፤ ሙሽራዋ «አይከፈትም» ካላለች አታስረክባትም። ለተኪዳን በጥር ስታገባም እንደዚያው አስምላታለች፤ ባሏ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ሰሊጡ አገር ይዟት ሄደ። የእናቷ ግቢ ጽጌረዳ ሮዝ ነበር፤ ከወገቡ ነጣ ያለ።

ምን ያደርጋል! ዓይናለም ዛሬ ቤት በቤት ሆኗል፤ ለከተማው ውሃ የሚሰጡት ጉድጓዶች ባይኖሩ ሜዳ እንደ ነበረም የሚያስታውስ የለም። መጀመሪያ ፕላስቲኩ መጣና ሙሽሮቹ ተዉን። እሱስ ይሁን፣ ዘመን ነው ብለን ነበር። ኋላ የመጣውን ግን ምን እለዋለሁ? ሆድ ይፍጀው። መንገዱ ሁሉ በተዘጋበት በዚያ ጊዜ አብረኸት የስኳር መድኃኒቷ አለቀባት። ያላንኳኳሁት የመድኃኒት ቤት በር የለም። እጇ አበባ ይዞ የማያውቀውን መንቀጥቀጥ ያዘ፤ ከዚያ አልጋ፣ ከዚያ ዝም አለች። ለቅሶ የመጣው ሰው ሁሉ «ላይችል አይሰጥም» ይለኝ ነበር። ይሰጣል እንጂ! ለማይችለውም ይሰጣል፤ አይቼዋለሁ። ስልክ ሲከፈት ወንድሜ ከደብረ ብርሃን ደውሎ ነይ፣ አንቺ እኮ የእኛ ነሽ አለኝ። የእናንተ የነበረችው ልጅ በጋሪ ዘመን ቀርታለች ብዬ ስልኩን ዘጋሁት። እዚህም ያለሁት ስለምኖር አይደለም። ጠዋት እነሳለሁ፣ ማታ እተኛለሁ።

እና እንግዲህ ሰናይትን ጠረጴዛዬ ጋ አስቀመጥኳት። ፌስታሉ ሲፈታ ሽታው ቀደመን፤ የረጠበ ምድር ቤት ሽታ። ክፈፉን ሳነሳው ክብደቱ ነገረኝ፤ የደረቀ አበባ አይከብድም። መስታወቱ ከውስጥ ታፍኖ ምንም አያሳይም። ለማዘግየት ብዬ እንዴት እንደ ወጡ ጠየቅኳት። ከቤታቸው በድንገት ሲወጡ እናቷ ይሄን ክፈፍ አቅፋ ወጣች። መንገድ ላይ ባረፉበት አንድ ትምህርት ቤት ክረምቱ ያዛቸው፤ ጣራው ያፈስ ነበርና አንድ ቀን ዝናቡ ክፈፉ ላይ ሲወርድ ውሎ ውሃው በሰሙ ስንጥቅ ገባ። እናቷ ያኔ በትኩሳት ተኝታ ነበር። ሰናይት ክፈፉን ከላይ ጠርጋ በፌስታል ጠቀለለችው፣ በላዩ ሌላ ፌስታል ደገመችበት፣ እንዳይከፈት በሲባጎ አሰረችው። እናቷ እዚያው አረፈች፤ ልጅቱ አሁን ቃላሚኖ አካባቢ አክስቷ ዘንድ ተጠግታለች። ከቤታቸው የቀረ ሌላ ዕቃ የለም። የእናቷ መቃብርም ቢሆን ሄዶ የሚያየው የለም።

መስታወቱን ብቻ ልለውጥልሽና ውስጡን አንንካው ብዬ ለመንኳት። አይሆንም አለች፤ ማየት አለብኝ አለች። የአብረኸትን ስፌት በምላጭ እየተረተርኩ እንባዬ ወረደ፤ እሷ የሰፋችው ነገር በእኔ እጅ ሲፈርስ የመጀመሪያው ነው። ሰሙን ፋቅኩ፣ መስታወቱን አነሣሁ። ጽጌረዳ የለም። ከከፋዩ ጋር የተጣበቀ ጥቁር ጭቃ ነው፤ የገብሱ ዛላ ሻግቶ ጠጉር አብቅሏል፤ በላባው ጫፍ ነካ ባደርገው ተንሸራተተ። ላድን የምችለው አንዲት ቅጠል ፈልጌ ነበር። አንድም አልነበረም።

ሰናይት አላለቀሰችም። ብዙ አየችውና ቀና አለች።

«ኣደይ አስካለ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት፤ እውነቱን ይንገሩኝ። ውሃ የነካው ቀን ከፍቼ ፀሐይ ላይ ባሰጣው ኖሮ ይተርፍ ነበር?»

ይተርፍ ነበር። ስንቱን አትርፈናል! ግን ይሄን ለዚህች ልጅ እንዴት ልበላት? ቤቷን፣ እናቷን፣ ሁሉን ያጣች ልጅ፣ የተረፈሽን አንዲት ነገር በገዛ እጅሽ አፍነሽ ገደልሻት ልበላት? ክፍል ውስጥ የምናገርበትን ድምፄን አወጣሁ።

«አይተርፍም ነበር ልጄ» አልኳት። «አንዴ ውሃ ከገባበት አበቃ። ብትከፍቺው ባትከፍቺው ያው ነው።»

ቀለል ይላታል ብዬ ነበር። ፊቷ ላይ የነበረው ጥቂት ነገር ጠፋ።

«እንግዲያው ትኩሳቱ ነው» አለች ለራሷ።

ከዚያ ነገረችኝ። ከቤት ሲወጡ ስንቅ መያዝ ሲገባት እናቷ ክፈፍ አቅፋ በመውጣቷ ሰናይት መንገድ ላይ ጮኻባታለች፤ እህል ትተሽ የደረቀ አበባ ትሸከሚያለሽ ወይ ብላ ሰው ፊት አዋርዳታለች። ከዚያ ወዲያ እናትና ልጅ በቅጡ አልተነጋገሩም። ውሃው የገባ ቀን ግን እናቷ ከፍራሹ ላይ ጠራቻት። ክፈቺው፣ እኩለ ቀን ፀሐይ ላይ አስጪው፣ ጨው አምሺለት አለቻት። ልጅቱ ደነገጠች። ዕድሜ ልኳን ከዚህች ሴት የሰማችው አይከፈትም የሚለውን ነው፤ አባቷ አቧራ ሲጠርግ እንኳ ተው ስትል አይታለች። ጨው አምሺ ማለትስ ምን ማለት ነው? ትኩሳቱ ራሷ ላይ ወጣ ብላ አሰበችና አልከፈተችም።

«ወዲያው ደግሞ ራሴን ይዛ፣ አልተቀየምኩሽም አለችኝ። መረቀችኝ። ከዚያ በኋላ አልተናገረችም» አለች። «የአበባው ነገር ቅዠት ከሆነ ምርቃቱም ቅዠት ነው ማለት ነው። እሱን ለማወቅ ነበር የምፈልጋችሁ።»

አፌን ቆርጦ ይጣለው! ተነሥቼ እጆቿን ያዝኩ። ዋሽቼሻለሁ አልኳት። ይተርፍ ነበር፤ እናትሽ ትክክል ነበረች፤ በዚያ ክረምት እዚህ ቤት ከኔ ጋር ጨው ያመሰችው እሷ ነች፤ ከዚህ ከተማ ሰው ሁሉ ይበልጥ ታውቀዋለች፤ አእምሮዋ እንደ ፀሐይ የጠራ ነበር፤ ምርቃቱም የልቧ ነው አልኳት። ጣሳዎቹን ከአልጋ ሥር ጎትቼ አወጣሁ፣ ምጣዱን አሳየኋት። በአብረኸት አፅም ማልኩላት። ሰናይት ስትሰማኝ ቆየች። እኔ በማልኩ ቁጥር እሷ ቀስ ብላ አንገቷን ትነቀንቃለች፤ ለታመመ ሰው እንደሚደረገው።

«ኣደይ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አለችኝ። «እኔን ለማጽናናት ብለው ነው። ገብቶኛል።»

ትከሻዬን ሳመችኝና ነጠላዋን አስተካክላ ወጣች። ክፈፉን አልወሰደችውም። በዓሉ ካለፈ በኋላ ቃላሚኖ ድረስ ሄጄ የአክስቷን ቤት ጠይቄ አገኘሁት፤ እንደገና ያንኑ ነገርኳት፣ እንደገና አመሰገነችኝ፣ መንገዱ ሩቅ ነውና ለምን ደከሙ አለችኝ። አክስቷ እንኳ በዓይኗ ተይ ትለኛለች። ካወራኋት ሁሉ ያመነችኝ የመጀመሪያውን ብቻ ነው።